ለአኬሎ ዓሣ የተዘጋጀ ውሃ

ጋምቤላ፣ ግንቦት 14 ቀን 1987 ዓ.ም.

ውድ አልማዜ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጃችን አኬሎስ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ሱቁም እንደነበረ ነው።

አኬሎ ክረምቱን እኔ ዘንድ የምታሳልፈው ያንን ቤታ የሚሉትን ዓሣዋን ይዛ ከሆነ ብቻ ነው ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ ሥራዬ ውሃ ሆኗል። የመስታወት ገንዳውን መስኮት የሚሠራው ረታ ሠራልኝ። «ለአንድ ዓሣ? ባሮ ደጅህ እያለ?» አለኝ። «ዓሣው የልጄ ነው» አልኩት።

መጀመሪያ ግን ተሳሳትኩ። መስታወቱን ላጽዳ ብዬ፣ ወደ አዲስ አበባ ስትዛወሪ ማጀት የተውሽውን እንዶድ ወቅጬ አጠብኩበት። ባሮ ዳር ነጠላሽን ስታጥቢ የነበረው ሽታ ቤቱን ሲሞላው ማለቅለቁን ችላ አልኩ መሰለኝ። ለሙከራ ከወንዙ ሁለት ትንንሽ ዓሦች ብጨምር ከሰዓት በኋላ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈፉ። ጎረቤታችን ጎርደን ሳቀብኝ።

«አጓ፣ የአኙዋ ልጅ ሆነህ እንዶድ ዓሣ እንደሚገድል ጠፋህ? ሚስትህ ደገኛ አድርጋህ ነው የሄደችው።»

«ሳይሆን አይቀርም» አልኩት።

ገንዳውን ደጋግሜ አለቅልቄ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት። የቧንቧው ውሃ መድኃኒት መድኃኒት ስለሚል ሽታው እስኪወጣ በሰፊ በርሜል ክፍቱን አሳደርኩት። ጠጠሩንና የውሃ ሣሩን ያመጣሁት አኬሎን አዝለሽ ልብስ ታጥቢበት ከነበረው ድንጋይ ሥር ነው። ሰው ተቀምጦበት ነበር፤ እስኪነሣ ጠበቅሁ።

አሁን ሌላ ትንሽ ዓሣ ጨምሬ ሰንብቷል፤ ይበላል። የአኬሎ ዓሣ አጠገቡ ሌላ አይወድም ስላልሽ፣ ሲመጣ ይህንን ወደ ባሮ እመልሰዋለሁ። እንግዳውንም በአንድ ጊዜ አንጨምረውም፤ ከገንዳው ውሃ ጥቂት ጥቂት እየቀላቀልን እናለማምደዋለን። ለሙቀቱ አታስቢ፣ ጋምቤላ ነው።

አኬሎ አድጋለች፣ ብቻዋን ትሳፈራለች ብለሻል። እውነት ነው። ነገር ግን የዓሣው ማሰሮ እንዳይፈስ እስከ መጨረሻው ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ እሷ በመስኮት ስታይ ትረሳዋለች። ስለዚህ ሁለት ትኬት ልኬያለሁ።

ባሮን ሞልቶ ከወጣበት ወደ ቦታው የሚመልሰው ጌታ ሁለታችሁንም ይጠብቅልኝ።

አጓ

የተረፈውን እንዶድ አልጣልኩትም። ከገንዳው አርቄ ሰቅዬዋለሁ።