«አባ» ማዕረግ አይደለም

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱

ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። የቡና ገበሬዎች ማኅበራችን የአባላቱን አካውንት የሚያድስበትን ሶፍትዌር መመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ገጽ አራት ላይ «ከስም በፊት ያለ ማዕረግ ይሰረዝ» ብያለሁ። አቶ፣ ወይዘሮ፣ ሐጂ ማለቴ ነበር። የሰቃው ቅርንጫፍ ጸሐፊያችን ግን ቃሌን አምኖ «አባ»ንም ሰረዘው። እሱ ምን ያድርግ? ጅማ ተወልጄ አድጌ «አባ»ን የረሳሁት እኔ!

ዛሬ አባ ነጂብ ከሰቃ ድረስ መጡና ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ውድ ነጂብ፣ አካውንትዎ ታድሷል» ይላል።

«ነጂብ ልጄ ነው» አሉኝ። «አላህ ይርሐመው፣ ከሞተ ስድስት ዓመቱ።»

የምገባበት ጠፋኝ። «አባ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ» ብዬ ወደ ኮምፒውተሩ ስዞር በከዘራቸው ወለሉን መታ አደረጉ።

«ቆይ ልጄ። ይሄ ነገር ሌላ መልእክት የሚልከው መቼ ነው?»

«ዓርብ፣ ለሁሉም አባል።»

«እንግዲያው እስከ ጁምዓ ተይው። እኔንማ ሰው ሁሉ በልጄ ስም «አባ ነጂብ» እያለ ይጠራኛል። ለእሱ የሚጽፍለት ግን አልነበረም።»

መመሪያውን አርሜ «አባ የስም አካል ነው፣ አይነካ» ብዬ በደማቁ ጻፍኩ። የሌሎቹንም አባዎች ስም መለስኩ። የእሳቸውን ገጽ ግን ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ደግሞ ከፈትኩት። አለቃዬ ነገ ጠዋት አንድም ስህተት እንዳያገኝ አስጠንቅቆኛል።

ጁምዓ ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል።