ወተት የመሰለው ዘይት

ሐምሌ 24፣ ጧት

ዝናብ። ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ አሁንም አላባራም። ትራክተሯ የምታድርባት ጎጆ አፍስሳለች። እንደ ልማዴ ጎማዋን ነካካሁ፣ ነዳጇን አየሁ። የካምቢዮዋን፣ የማርሽ ቤቷን፣ ዘይት መለኪያ መዝዤ ልጠርግ ስል ነጭ ሆኖ ወጣ። ወተት። መልሼ ከትቼ መዘዝሁት። ያው ነው።

ደብተሬ፣ ላስረዳህ። ዘይት የሚነጣው ውኃ ሲገባበት ነው። ማርሾቹ ውኃውንና ዘይቱን አንድ ላይ ይንጧቸዋል። እንዲህ ሆና ከሠራች ጥርሶቿ ይበላሉ፣ ውስጧ ይዝጋል፣ ከዚያ ወዲያ ዝም ብላ ብረት ናት። ጭነት መኪና በምነዳበት ዘመን በሰው መኪና ላይ አይቼዋለሁ። በራሴ ሲደርስ ይኸ መጀመሪያዬ ነው።

ለባለቤቴ ለአስናቀች አልነገርኋትም። ቁርስ ላይ ምን ሆነሃል አለች። ጉልበቴን ነው አልኋት። ጉልበቴ ለሁሉም ነገር ምክንያት ይሆናል።

ሐምሌ 25

አጎቴ አያ ደሴ መጡ። በርኖሳቸው ውኃ ጠጥቶ ከብዷል። እሳት ዳር ተቀመጡና የመጡበትን ተናገሩ። ታችኛው ጥቁር መሬት ዘንድሮ ሽምብራ መልበስ አለበት። ጥሩ በሬ ላለው ሰው እኩል ብንሰጠው ምን ይመስልሃል አሉ፤ ምርቱን ለሁለት መካፈል ነው። ፍልሰታ ሲፈታ መልስ ይፈልጋሉ።

ክፋት የላቸውም። የእናቴ ወንድም ናቸው፣ ያስቡልኛል። ገደል አፋፍ ላይ ናዳ መኪናዬን ከመታት ወዲህ ቀኝ ጉልበቴ አይታጠፍም። በዚህ እግር ዕርፍ ጨብጦ ከበሬ ኋላ መሄድ የማይሆን ነገር ነው። አምና አገሩ በደቦ አረሰልኝ። እግዜር ይስጣቸው። እኔ ዋርካ ሥር ተቀምጬ ጠላ ስቀዳ ዋልሁ። ስቀዳ ቀና ብዬ የአባቴን ርስት ሌላ ሰው ሲገለብጠው አያለሁ።

ወንፈል ቢሆን አይከፋኝም ነበር። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ። ግን ማን እኔን ወንፈል ግባ ይላል? በምን ልመልስ?

ትራክተሯን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ደ/ታቦር ላይ አትክልት የሚያለማ ፈረንጅ ነበረ፤ አልፎ አልፎ ዕቃ እጭንለት ነበር። አገሩ ሲገባ ሰጠኝ። ለጓሮ የተሠራች ትንሽ አሮጊት ናት፣ እሱም ከአባቱ ነው የወረሳት። እኔ ግን ተቀምጬ አርስባታለሁ። በሰኔ ከቤት ጀርባ ያለውን የገብስ መሬት ገልብጣልኛለች። አያ ደሴ ዙረው አይተዋት ብረት እበት አይጥልም ብለው ሄዱ።

ዛሬ ሲወጡ ስለ ዘይቱ ምንም አላልሁ። እሺ አስባለሁ ብቻ አልሁ።

ሐምሌ 28

ፀሐይ ብልጭ አለች። ሥራ። የመውረጃውን ቡሎን ስፈታ መጀመሪያ የወጣው ጥርት ያለ ውኃ ነው፤ ከባድ ስለሆነ ታች ተኝቶ ኖሯል። ቀጥሎ ወተቱ። ሲያልቅ ዘጋሁና ያለኝን አንድ ቆርቆሮ አዲስ ዘይት ሞላሁ። ማር የመሰለ ዘይት።

የጎጆዋንም ክዳን ሣር ጨምሬ አለበስሁ። አለቀ። ለአስ. አሁን ነገርኋት። ትናንትና ከትናንት ወዲያ የት ሆነህ አልነገርኸኝም አለች። ጉልበቴን አላመነችም ኖሯል።

ደስ ብሎኛል። ማታ ሽሮው እንኳ ጣመኝ።

ሐምሌ 30፣ ከቀትር በኋላ

አስነሳኋት። ግቢውን ወደ ላይ ወደ ታች ነዳኋት። ማርሽ ለወጥሁ፣ ኋላ ሄድሁ፣ ፊት ሄድሁ። አቆምሁ። መዘዝሁ።

ነጭ።

ሌላ ዘይት የለኝም። መንገዱ በጭቃ ተዘግቷል፣ አውቶቡስ ከመጣ ሰንብቷል። በደኅናው እግሬ ጎማዋን መታሁት። ያመመኝ ግን በሽተኛው ነው።

ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ነሐሴ 3

በበቅሎ መ/ኢየሱስ ከተማ ወረድሁ። አስ. ጫነችልኝ፣ እግሬን እርካብ ውስጥ አስገባችልኝ። መንገዱ ጭቃ ሳይሆን ቡኮ ነው።

ማሞን ልፈልግ ነው የሄድሁት። ማሞ ድሮ ጎን ለጎን ስንጭን የኖርን ሾፌር ነው። ዝናብ ይዞት ትሬንታ ኳትሮ ጭነት መኪናውን ከገበያው ዳር አቁሞ መንገድ እስኪደርቅ ይጠብቃል። ሲያየኝ ከመኪናው ዘሎ ወረደ፣ አቅፎ ከበቅሎዬ አወረደኝ። ነገሩን ስነግረው ሳቀ። ሸሚዝ አጥበህ ሳትጨምቅ ለበስህ አለኝ። በየጥርሱና በየጥጉ የቀረው ነው አዲሱን ያነጣው። በነጭ ጋዝ እጠባት፣ ከዚያ ክፍት ትዋል፣ ትድረቅ። ይኸን ሁሉ እኔም አውቀው ነበር። ቸኩዬ ነው።

ቀጥሎ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ውኃው በየት ገባ? በጣሪያው አልሁ። በጣሪያውማ ጎጆ ውስጥ ገባ፣ ካምቢዮው ውስጥ በየት ገባ አለ። የገባበትን ሳታውቅ ብታስወጣው ተመልሶ ይገባል።

ከመጠባበቂያው አንድ ቆርቆሮ የካምቢዮ ዘይት ሰጠኝ። ልከፍል ስል ተቆጣ።

ልሰናበት ስል ሌላ ነገር አመጣ። ደ/ታቦር ያለ ጋራዥ የዕቃ ቤት ሰው ይፈልጋል። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ፣ መሬትህን አከራይተህ ና፣ መንገድ ሲደርቅ እኔው ጭኜ እወስድሃለሁ አለኝ። በቅሎዋ ላይ ሆኜ እስከ ቤቴ እሱኑ ሳስብ መጣሁ። ደብተሬ፣ ለአንተ አልዋሽም፤ ወንበሩ አማረኝ።

ነሐሴ 4

ለአስ. ነገርኋት። ምስር እየለቀመች ነበር። እጇን አላቆመችም። ደ/ታቦር ገበያው መልካም ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ ነው አልሁ። እግሬም ያርፋል አልሁ። ቀና አለች።

«መጀመሪያ ውኃው ይውጣ። ተናደህ የቆረጥኸውን ነገር ለእኔ አታምጣብኝ። ትራክተሯ ድና ያን ጊዜም ወንበሩ ካማረህ፣ ዕቃውን የማስረው እኔ ነኝ።»

ከሰዓት ቅዳሴ ሄድን። የጾም ጊዜ ቅ/ሚካኤል ሰው ይሞላል። ቆሜ ማስቀደስ ስለማልችል መቋሚያዬን ተደግፌ በግድግዳው ጥግ ነበርሁ። ስለ ካምቢዮ ጸለይሁ። ኃጢአት ከሆነ ይቅር ይበለኝ።

ነሐሴ 7

የፊት ጎማዎቿ ላይ ድንጋይ አስደገፍሁ፣ የኋላውን በክሪክ አነሳሁ። ወተቱን አወረድሁ። ነጭ ጋዝ ሞላሁና ሞተሩን ቀስ አድርጌ አስነሳሁ፤ ጎማዎቹ አየር ላይ ዞሩ። ማርሽ በማርሽ እየለወጥሁ ሁሉንም ጥግ አሳጠብሁ። አወረድሁት። ግራጫ። ደገምሁ። የቆሸሸ አሬራ መስሎ ወጣ። ደገምሁ። አሁን ውስጡን የሚያሳይ ሆነ።

በባትሪ ውስጧን አየሁ። ጥርሶቹ ደኅና ናቸው። አንዱ ላይ ብቻ ስስ ዝገት አለ፣ በጣቴ ሳሸው ለቀቀ። ተመስገን። በጊዜ ነው የደረስሁ።

የማሞ ጥያቄ ግን አልተመለሰም።

ነሐሴ 8

ዛሬ ተመለሰ። ያገኘነው ሁለታችን ነን።

ዘዴውን ያመጣችው አስ. ነች። ዝናብ እስኪመጣ ለምን ትጠብቃለህ፣ እኔ ልዝነብባት አለች። በቅል ውኃ ይዛ ላይዋ ቆመች። እኔ ደረቴን መሬት ላይ አድርጌ፣ በዘይት መሙያው ቀዳዳ በባትሪ አያለሁ። መጀመሪያ መቀመጫው ላይ አፈሰሰች። ምንም። ክዳኑ ዙሪያ። ምንም። ቀስ ልበል፣ እንደ ጠበልተኛ እንዳላጠምቃት ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፣ ባትሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ ማርሽ መለወጫው ዘንግ ላይ አፈሰሰች። አንዲት ጠብታ ዘንጉን ይዛ ወረደች። ቀጥሎ ሌላ። ጠብ፣ ጠብ። ዘንጉ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚሸፍነው ጎማ ከሥሩ ተሰንጥቋል። ከላይ ሲያዩት ደኅና ነው፣ እጥፋቱ ውስጥ ግን ጣት ያስገባል። ጣሪያው ሲያፈስ የነበረው በትክክል እዚያ ላይ ነው።

በጭቃው ላይ ተኝቼ ሳቅሁ። አስ. ቅሏን ይዛ ቆማ ታየኛለች። ወንበሩን ረሳሁት ልበል? አልረሳሁትም። ትንሽ ራቀ ግን።

ነሐሴ 14

ቡሄ አለፈ። ሰማዩ መክፈት ጀምሯል። ካምቢዮዋ ክዳኗን ከፍታ ፀሐይ ስትሞቅ ሰነበተች። ደመና ሲመጣ አቡጀዲ እናለብሳታለን፣ ፀሐይ ሲወጣ እንገልጣታለን። ጎረቤት ያልፋል፣ ያያል፣ እንደ ብቅል አሰጣችኋት ይላል።

ከአሮጌ ካላማዳሪ፣ ከጎማ ውስጥ አየር ከሚይዘው ላስቲክ፣ ቆርጬ ለዘንጉ አዲስ ልብስ ሠራሁ። በሽቦ ላይና ታች አሰርሁት፣ በሰም ደፈንሁት። ክዳኑን መለስሁ። የማሞን ዘይት ሞላሁ። ቅልም ደገምን። አስ. እስኪበቃት አፈሰሰች። አንድ ጠብታ አልገባም።

አልቸኩልም። ፍልሰታ ይፈታ።

ነሐሴ 17

አያ ደሴ ለመልሱ መጡ። ጾም ተፈቷል፣ ፊታቸው ፈክቷል። መልሴን በአፌ ሳይሆን በዓይንዎ ይዩት አልኋቸውና ወደ ጎጆዋ ይዣቸው ሄድሁ። አስነሳኋት። ግቢውን፣ ከዚያም እስከ ቤ/ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ነድቼ ተመለስሁ። አቆምሁ። መለኪያውን እሳቸው ይምዘዙት አልሁ።

መዘዙት። አሸተቱት። በአውራ ጣታቸው አሹት። ማር።

ታችኛውን መሬት ለሰው አልሰጥም አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እሺ ይሁን እምቢ አልገባኝም። ብረት ጭቃ አያውቅም፣ የታችኛው ጥግ ይውጥሃል አሉና ሄዱ።

ጳጉሜን 2

ሁለት ቀን ሙሉ አረስሁ። ደብተሬ፣ እኔ። ወርጄ አፈሩን በእጄ ጨበጥሁት። ጥቁር፣ ቀዝቃዛ፣ እርጥብ። ከኋላዬ ሳቢሳ ወፎች ትሉን ይለቅማሉ። ጀርባዬ ተሰብሯል፣ ጉልበቴም ይጠዘጥዘኛል፣ ግን የእርሻ ድካም ነው። ዘይቱን በየዕረፍቱ አየሁ። አልነጣም።

አያ ደሴ ስለ ታችኛው ጥግ ያሉት እውነት ነበር። ዛሬ ጧት እዚያ ሰጠመች። ጎማዋ እየዞረ ይቆፍራል። ካምቢዮዋ ጭቃ ሳይደርስበት ሞተሩን አጠፋሁ። ምን ላድርግ እያልሁ ተቀምጬ ሳለ እሳቸው በሬዎቻቸውን እየነዱ ከቁልቁለቱ መጡ። ማንም አልጠራቸውም። በቀንበሩ ጎትተው አወጡኝ፣ ከዚያ ሞፈራቸውን አገናኝተው ጥጉን አረሱት። እኔ የላዩን ጨረስሁ። አንድ መሬት ላይ፣ እሳቸው ከታች፣ እኔ ከላይ። ምሳ አስ. አመጣች፣ ሦስታችን ከአንድ መሶብ በላን።

ለማሞ መልእክት ልኬለታለሁ። ስለ ወንበሩ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ አልሁት። አስ. ዕቃ አላሰረችም።

መስከረም 3፣ ማታ

ሽምብራው ተዘራ። አሁን የእሱ ሥራ ነው።

አያ ደሴ በመንገዳቸው ጎራ አሉ። አልተቀመጡም። በር ላይ ቆመው ስለ አየሩ፣ ስለ በሬያቸው ቁስል አወሩ። አንደኛው በሬ ትከሻው ተልጧል፣ ቀንበር አይሸከምም። ከዚያ ወደ ጎጆዋ እያዩ፦

«ሐሙስ የዳገቱን መሬቴን ላርስ ነው። ወንፈል ትገባለህ ወይ?»

«እገባለሁ» አልሁ።

ሲሄዱ አስ. ከጓዳ ወጣች፣ ሰምታለች። ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ አለፈች።

እንግዲህ መንገዱን ላስብ። ወደ እሳቸው መሬት አጭሩ መንገድ በወንዙ ነው፣ ውኃው ግን ገና ጉልበት ይደርሳል። ወንዙን አላቋርጥም። ካላማዳሪውን ባምነውም አልፈትነውም። በጧት ተነስቼ በላይ በኩል፣ በጉብታው ዞሬ እሄዳለሁ። ረቡዕ ማረሻዋን አጠባብቃለሁ፣ ነዳጅ እሞላለሁ። አሁን አስ. ራት ቀርቧል እያለች ነው፣ ዘይቱን ግን አንድ ጊዜ ብቻ አይቼ ልምጣ።