በሃያ ሁለት ዓመቴ ፀሐይ መሞቅ

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ። ሐኪሟ «ትንሽ ነው» አለች፤ እኔ ደግሞ ይህችን «ትንሽ» ከሐኪም አፍ መስማት አልወድም። ስኳር በሽታ አለብኝ፤ ሲቆይ የኩላሊትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል። የዚያ ጅማሬ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ባለፈው ሳምንት ትኩሳት ነበረብኝ፤ ትኩሳትም እንዲህ ያደርጋል አለች። ሐሙስ ደሴ ተመልሼ በድጋሚ እመረመራለሁ።

ቫይታሚን ዲዬም ዝቅ ብሏል። አይገርምም። ሪያድ ሰው ቤት ስሠራ ሁለት ዓመት ፀሐይን ያየኋት በመጋረጃ ነው፤ ሐይቅ ከተማ ከተመለስኩም ወዲህ ከስፌት መኪናዬ አልነሳም። ቫይታሚኑ ለደም ሥርም ሳይጠቅም አይቀርም፣ ገና እየተጠና ነው አለች። በየሳምንቱ የሚዋጥ ክኒን ሰጠችኝ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ፀሐይ። በመስኮት መስታወት የሚገባው አይቆጠርም።

ለእማ ሁሉንም ነገርኳት። የሰማችው ፀሐዩን ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

እማ ጓሮ ሰሌን አንጥፋ ጠበቀችኝ። አጠገቧ የሕፃን ቅባት። ወላሂ ቀልድ መስሎኝ ነበር! እጅ እግሬን ለቅልቃ አስተኛችኝና እንደ አራስ ልጅ ታገላብጠኝ ጀመር።

«እማ፣ እኔ እኮ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።»

«ዝም በይ፣ ዙሪ።»

ጎረቤታችን እትዬ ስንዱ በአጥር አዩን። «ፋጡማ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! መቼ ተገላገልሽ?» አሏት። እማ ፈገግ እንኳ ሳትል «ትላንት» አለች።

የጠዋት ስኳሬ ጥሩ ነው። ሐሙስን ላለማሰብ ሁለት ቀሚስ ጨረስኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

እትዬ ስንዱ አጥሚት ይዘው መጡ። «ለአራሷ ነው፣ ጣፋጭ ነውና ሕፃኗ እንዳትነካው!» ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ከሰዓት ግን ፍርሃቱ መጣ። ኩላሊቴ ቢሆንስ? ገና ምን ኖርኩና? ጨርቁን አጣምሜ ሰፋሁት፣ ፈታሁት።

እማ «ፀሐዩ ከሠራ መርፌው ይቀራል?» አለችኝ። አይቀርም፣ ኢንሱሊን ሌላ ነው አልኳት። ቅር አላት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ንጹሕ! ፕሮቲን የሚባል የለም። አልሃምዱሊላህ! ትኩሳቱ ነበር ማለት ነው፤ ክትትሉ ግን ይቀጥላል።

እማ ቀበል አድርጋ «ፀሐዩ ነው» አለች። ሐኪሟ «እናቴ፣ ሦስት ጠዋት ይህን አይሠራም፣ ወራት ይፈልጋል» ብትላት ማን ይሰማል።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ሐይቅ ልንደርስ ስንል እማ፦

«አንቺ የተወለድሽው ሐምሌ ነው። ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ አንድ ቀን እንኳ ፀሐይ ሳላሞቅሽ አርባሽ ወጣ። ስኳሩ ከዚያ ይሆን እላለሁ።»

ይህን ሁሉ ጊዜ በሆዷ ይዛው ኖራለች! ስኳር ከዚያ አይመጣም አልኳት። ሐኪሟን ለምን አልጠየቅሻትም?

«አዎ ብትለኝስ?» አለች።

እኔ ብምል አታምነኝም። ነገ ጠዋት ለሐኪሟ ደውዬ ስልኩን ለእማ እሰጣታለሁ። የእኔ ውጤት ወጥቷል፤ የእሷ ገና ነው።