የዱመርሶ ቡና ምን በደለ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእታለም ዘነቡ፤

እንዴት ነሽልኝ? የዴልሂ ብርድ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ሁለት ሹራብ ደርበሽ ነው የምትውዪው? ባለቤትሽን ደበበን ትምህርቱ እንዴት ይዞታል? የሔርሜላዬስ የወለቀው ጥርሷ በቀለ? እዚህ እማዬም፣ ጎረቤቱም፣ ጓሮ ያለው እንሰት ሳይቀር ደህና ነው። ከእኔ ምላስ በቀር።

ስልክ አላነሳ ያልኩሽ ጠግቤ አይደለም። ባለፈው ሔርሜላ "አጎቴ ሰክሯል እንዴ?" ብላ ስትስቅ አብሬያት ሳቅሁ፤ ስልኩን ስዘጋ ግን አለቀስኩ። ደብዳቤ ይሻላል ብዬ ወደ እናንተ ለሚመጣው ለመምህር እንግዳ ይህን ሰጠሁት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ሰኔ ላይ ከምላሴ ኋላ፣ በግራ በኩል፣ ቁስል ወጣብኝ። መቼም የቡና ቀማሽ ምላስ ሳይቃጠል አይውልም፤ ማር ቀባሁና ዝም አልኩ። ለሰው አልተናገርኩም። ምላሱ ታመመ የተባለ ቀማሽ ከጠረጴዛው ይነሳል፣ ከተነሳ ደግሞ ማን ይመልሰዋል? እንዲህ እያልኩ ስድስት ወር አለፈ። አይ የእኔ ነገር!

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቡና ቀረበልን። የማን እንደሆነ አይነገረንም፣ ስኒው ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ የዱመርሶ ገበሬ መሆኑን የሰማሁት ኋላ ነው። ማግ ሳደርገው ዝገት ዝገት አለኝ። "ጉድለት አለበት" ብዬ ዝቅተኛ ደረጃ ጻፍኩ። አሥራ አንድ ዓመት አጠገቤ ቆሞ የሚቀምሰው ፈድሉ ደግሞ ቀመሰና "ምን ሆነሃል? አበባ አበባ የሚል ንጹህ ቡና ነው" አለኝ። ተከራከርኩ፣ እንዲያውም ጮህኩበት። እሱ የተፋሁበትን ጣሳ አንስቶ አሳየኝ። ቀይ ነበር። ሰውየው ዓመቱን ሙሉ የለፋበትን ቡና በገዛ ደሜ ወነጀልኩት! ደረጃው ተስተካከለለት፣ ፈድሉን እግዜር ይስጠው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የመቅመሻ ማንኪያ አልያዝኩም።

የዲላው ሐኪም ከቁስሉ ቆርጦ አዲስ አበባ የላከው ካንሰር ሆኖ መጣ። እዚህ መንጋጋ ተከፍቶ ነው የሚወጣው አሉኝ። አንቺ የነገርሽኝ የዴልሂው ሮቦት ነገር፣ ሐኪሙ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ቀጫጭን የብረት እጆች በአፍ አስገብቶ ያወጣዋል ያልሽኝ፣ መጀመሪያ አሳቀኝ። አሁን ግን ሌላ የማስበው ነገር የለኝም። ምላሴ ምን ያህል እንደሚተርፈኝ የእናንተን ሐኪም ጠይቂልኝ። ገብቼ ሳላይ አይታወቅም ካለሽ፣ የእኛውም ያለኝ ይህንኑ ነው።

ለእማዬ ያልነገርኩትን ላንቺ ልንገርሽ። ከመንጋጋዬ ሥር አንዲት እብጠት አለች። ለገና የደረቀች የቡና ፍሬ ታህል ነበር፤ ዛሬ ስዳስሳት እሸት ቡና አክላለች። አታመኝም፣ እሱ ነው የሚያስፈራኝ። እማዬ ጥርስ መስሏት ጤና አዳም ትቀጠቅጥልኛለች፤ እኔም እሺ ብዬ እነክሳለሁ።

ፓስፖርቴ ወጥቷል። ለፋሲካ ና ያልሽኝ ይርቃል እታለም፣ ቀኑን አስቀድሚልኝ። ምን እደብቅሻለሁ፣ ፈርቻለሁ።

ደበበን በርታ በይልኝ። እማዬ ሦስታችሁንም በስማችሁ እየጠራች ትመርቃችኋለች፤ ፈድሉም ሰላም ብሏችኋል። ሔርሜላን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ትናንት ብቻዬን ሆኜ ስሟን ልጠራ ሞከርኩ፤ መሃሉ ላይ ምላሴ እምቢ አለኝ። አውሮፕላን ጣቢያ ስትቀበሉኝ በስሟ ካልጠራኋት እንዳትቀየመኝ፣ ከአሁኑ ንገሪልኝ።

ወንድምሽ ሲራክ
ዲላ፣ ጥር 19 ቀን 2009 ዓ.ም.