ከጃኬት ኃላፊዋ እናት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤናን፣ ለጉሮሮዎ ብርታትን፣ ለአዲሱ የድምፅ ማጉያዎም ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ። እኔ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ልብስ የምሰፋው ሴት ነኝ። ልጄን እርስዎም ያውቋታል። ስትወለድ ከእጅጌ ቁራጭ ስለማትበልጥ ሚጢጢ አልናት፤ ዛሬ በክፍሏ ካሉት ልጆች ሁሉ በስፋት አንደኛ ብትሆንም ስሙን የሚቀይርላት ጠፍቶ ሚጢጢ እንደተባለች ቀርታለች።

ሐኪሟ ክብደቷ ለዕድሜዋ በዝቷልና ትንቀሳቀስ ብሎናል። ስለዚህ እርስዎ «ጤናማ ልጅ፣ ጤናማ ትምህርት ቤት» የሚል ዘመቻ መጀመርዎን አጥሩ ላይ ከተሰቀለው ጨርቅ ሳነብ ጸሎቴ ተሰማ ብዬ መርፌዬን ጥዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ይህን ደብዳቤ እዚያው ጨርቅ ሥር የምለጥፈውም ምስጋናዬ በመሳቢያ ውስጥ ታፍኖ እንዳይቀር ብዬ ነው።

ምስጋና አንድ፦ ስለ ንግግርዎ። በመክፈቻው ዕለት የስፖርቱን ክፍለ ጊዜ ሰርዘው፣ ልጆቹን አዳራሽ ውስጥ አስቀምጠው፣ «የመንቀሳቀስ ጥቅም» በሚል ርዕስ ከሰዓቱን ሙሉ ስላስተማሩልን ውለታዎን የምከፍልበት የለኝም። ሌሎቹ ልጆች እግራቸውን እያወዛወዙ ሲያስቸግሩ የእኔዋ ልጅ ንቅንቅ ሳትል ስለ መንቀሳቀስ በማዳመጧ ተሸልማለች። ሽልማቱ በሩጫ ጫማ ቅርጽ የተጋገረ ኬክ ነበር። አባቷ ማሰሪያውን፣ እኔ ተረከዙን፣ እሷ የቀረውን በላን። ሐኪሙ እንዲህ ባለው ጫማ ሩቅ እንደማንደርስ ነግሮናል።

ምስጋና ሁለት፦ ስለ ሹመቷ። የስፖርት መምህሩ ሌሎቹ ኳስ ሲጫወቱ እሷን «አንቺ ይደክምሻል» ብለው የጃኬት ኃላፊ አድርገው ሾመውልናል። ሥራው ከሜዳው ጥግ ቆሞ የሚሮጡትን ልጆች ጃኬት መያዝ ነው። በሱቄ መስኮት አያታለሁ፤ ክንዷ ላይ፣ ትከሻዋ ላይ፣ ቦታ ሲጠፋም ራሷ ላይ ይከምሩባታል፤ ከልጅ ይልቅ ቁም ሣጥን ትመስላለች። ዘመድ አዝማድ ሹመት ያዳብር ቢለንም ባለሹመቷ ስፖርት ባለ ቀን ሁሉ ሆዴን አመመኝ ማለት ጀምራለች። ሆዷ ደህና ነው፤ ያመማት ሌላ ነው። ልጄ መጫወት ትፈልጋለች፣ እኔም እሷን ከዚያ ጥግ ቆማ ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል።

ምስጋና ሦስት፦ ይህን ሆድ ይፍጀው። በጨዋነት እጽፋለሁ ብዬ ለባለቤቴ ቃል ስለገባሁ እዘለዋለሁ።

ምስጋና አራት፦ ስለ ነፋሱ። ነፋስ የእርስዎ ሥራ እንዳልሆነ አላጣሁትም፤ በግቢዎ ውስጥ ስለነፈሰ ግን ምስጋናው ለእርስዎ ይሁን። ባለፈው ሳምንት ድንገት ተነሥቶ ጃኬቶቹን ከክንዷ ነጥቆ በሜዳው በተናቸው። ሚጢጢም ኃላፊነቷን አክብራ ከኋላቸው ተፈተለከች፤ አንዱን ከአየር ላይ ቀለበች፣ ሌላውን ከግቡ መረብ መነጨቀች፣ የዘበኛውን ፊት የሸፈነውንም ሳያጉረመርሙ ገፈፈችላቸው። ኳስ ተጫዋቾቹ ጨዋታቸውን ትተው አጨበጨቡላት። መምህሩ ግን ፊሽካ ነፍተው ወደ ቦታሽ ተመለሺ አሏት። በዘመቻው ሁሉ አንዲት ልጅ ከልቧ ብትሮጥ ያስቆማት የዘመቻው ፊሽካ ነው።

ያን ዕለት ፊቷ በርበሬ መስሎ ቤት ገብታ «እማዬ፣ ሮጥኩ እኮ!» ስትለኝ የሳቀችው ሳቅ በኬኩ ጊዜ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ እኔ ከምንኖርበት ፎቅ በረንዳ አሮጌ ጃኬት እወረውራለሁ፣ እሷና የጎረቤት ልጆች መሬት ሳይነካ ለመቅለብ ከታች ይራኮታሉ። አባቷም አንድ ቀን ገብቶ ወገቡን ይዞ ወጥቷል። ቅነሺ ያላት የለም፤ የሚጠሯት ነይ ተጫወቺ እያሉ ነው። ስለ ክብደቷ እስካሁን የማወራልዎ ጉድ ባይኖርም ለዚህ ጨዋታ ስትጠራ አንድም ቀን ሆዷን አሟት አያውቅም።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው ነው፤ ጃኬቶቹ መሬት ላይ ይቀመጡ፣ ልጄም ትጫወት። ጃኬት ቢቆሽሽ ይታጠባል፣ ቢቀደድም እኔ አለሁ።

ክር መርፌን እንደሚከተል ሁሉ ትእዛዝዎን ዘወትር የምከተል፣ አንዳንዴ ግን የምበጠስ፣

አክባሪዎ የጃኬት ኃላፊዋ እናት

ከፊርማ በኋላ፦ ሦስተኛውን ምስጋና ሆዴ አልችል አለ። ልጆቹን በሰልፍ ፊት አንድ በአንድ ሚዛን ላይ አውጥተው ኪሏቸውን ለማበረታቻ ብለው በድምፅ ማጉያ ሲያነቡ የሚጢጢ ኪሎ መንገድ ተሻግሮ ሱቄ ድረስ ገብቷል። በዚያች ደቂቃ እጄ ላይ የነበረው፣ ወገቡ ጠበበኝና ልቀቂልኝ ብለው ለሁለተኛ ጊዜ የላኩት የእርስዎ ሱሪ ነው። እኔ ዝም አይነቅዝም ብዬ የወገብዎን ልክ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ድምፅ ማጉያም የለኝ። ሱሪው ደርሷል፣ መጥተው ይውሰዱ። ከእንግዲህ የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ ስለሌለው አመሻሽ ላይ ወደ ግቢያችን ብቅ ቢሉ ሚጢጢ በደስታ ታጫውትዎታለች፤ ጃኬትዎን የሚይዝልዎ ግን የለም።