ሚሊዮን ሦስትን አካፍዬ ጨረስኩ

ትርሲቴ፣ ያለሽበት ሰላም እንደሆነ አምኜ ነው የምጽፍልሽ። ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ትምህርት ቤቶች ተከፍተው የንቲንዳ መንገድ እንደ ድሮው በቦዳ ሞተሮች ተጨናንቋል። ስፌቱን ቀጥያለሁ። ጥሬውን ሙዝ፣ ማቶኬውን፣ መቀቀልም ተማርኩ፤ ብትቀምሺው ትስቂብኝ ነበር። የቁጥር ደብተርሽ ከጸሎት መጽሐፌ ጎን ነው፤ ዛሬ የምጽፍልሽም ስለ እሱ ነው።

በወረርሽኙ ከቤት አትውጡ በተባልንበት ሰሞን፣ በእርሳስ ብቻ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ያለውን የመጀመሪያ ብቸኛ ቁጥር አገኛለሁ ብለሽ ተነሳሽ፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለውን። ሚሊዮን አንድን መቶ አንድ አካፈለውና ተውሽው። ሚሊዮን ሁለትማ ለሁለት ይካፈላል። ሚሊዮን ሦስትን ለሰባት ስታካፍይው አራት ቀረ፣ ለአሥራ አንድም አራት፣ ለአሥራ ሦስትም አራት። «ግትር ነው፣ ልክ እንዳንተ» አልሽኝ። ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ እስከ መቼ ልታካፍይ ነው ብዬ ስቀልድ፣ እስከ ሺህ ይበቃል አልሽ። ከሺህ የሚበልጡ ሁለት ቁጥሮች ሲባዙ ያልፉታል፤ ስለዚህ አካፋይ ካለው አንዱ ከሺህ በታች መገኘት አለበት። አንገቴን ነቀነቅሁ እንጂ አልሰማሁሽም።

አራት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ስትደርሺ ታመምሽ። ንሳምብያ ሆስፒታል ተኝተሽ ደብተሩን ሰጠሽኝና፣ የምትሞክሪው በብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ስለነበር፣ እስከ ሺህ የቀሩትን ሰባ ሦስት አካፋዮች ሞክርልኝ አልሽ። በሦስተኛው ቀን ጠየቅሽኝ። አንዱንም አልነካሁም ነበር። ፊትሽን አየሁና «ጨረስኩ፣ ምንም አያካፍለውም» አልኩሽ። «አየህ ሆዴ፣ ብዬህ ነበር» ብለሽ እጄን ያዝሽ። በማግስቱ ዐረፍሽ።

ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ላጽናናት ብዬ ነው እያልኩ ስከላከል ሰሙኝና «ታዲያ ቁጥሩን ለምን አታካፍለውም?» አሉኝ።

በልብስ መቁረጫው ወረቀት ላይ፣ ከምሳ በኋላ ጥቂት ጥቂት እያልኩ ጀመርኩ። ሰባት መቶ ሃምሳ ሰባት ላይ ምንም ሳይቀር እኩል ተካፈለ። ሁለት ቀን ወረቀቱን መንካት ፈራሁ፤ በሐሰት ደስታ ሸኝቼሻለሁ ማለት ነው። በኋላ ትምህርት ቤት ለተማሪዎችሽ ታስተምሪ እንደነበረው መልሼ ሳባዛው ስድስት ጎደለ። ስቀንስ ተሳስቼ ኖሯል።

ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻውን፣ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባትን ሞከርኩ። አሥራ ሁለት ቀረ። ልክ ነበርሽ ትርሲቴ፤ የሚያካፍለው የለም።

ያልኩሽ እውነት ሆኖ ተገኘ። ግን ሳላውቅ ነው ያልኩሽ፣ ስለዚህ ውሸቴ ውሸት ነው። ይቅር በዪኝ። ከዚያ ይልቅ የሚከነክነኝ ይህ ሁሉ ማካፈል ደስ የሚል መሆኑ ነው፤ አንድ ከሰዓት እንኳ አብሬሽ ብቀመጥ ኖሮ ያንጊዜ አውቀው ነበር።

በቅዳሴ ስምሽን አስጠራለሁ። ከእንግዲህም ማንም ሰው የሚወደውን ነገር ይዞ መጥቶ እስቲ እይልኝ ቢለኝ፣ መቀሴን አስቀምጬ አጠገቡ እቀመጣለሁ። እስክንገናኝ የማስታውስሽ እንዲህ ነው።

ባልሽ