መሪው ወደ ግራ ሲዞር

ውድ እትዬ ኖንግ፣

ሊዩጆ ከተማ ልጅዎ ዘንድ ከገቡ አራት ወር ሞላዎት። ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። የጥገና ሱቃችንም ደህና ነው፤ በርጩማዎ ላይ እስካሁን ማንም አልተቀመጠም። መደወል እችል ነበር፤ ግን በስልክ አያስጨርሱኝም፤ «ተይው፣ ሥራሽን ሥሪ» ብለው ይዘጉታል። ስለዚህ ጻፍኩ።

ያን የጥር ጠዋት ላነሳብዎት ነው።

እማማ ጋን የኤሌክትሪክ ብስክሌታቸውን ይዘው መጡ። የልጅ ልጃቸው ዪንዪን እንደ ልማዷ ከፊት፣ እግር ማሳረፊያው ላይ ቆማለች። «አልፎ አልፎ እንደ ፍየል ይዘልብኛል» አሉ። እኔ አዲሱን መፈተሻ ሳጥኔን አወጣሁ። በገዛሁት ሰሞን ከእጄ አልለየውም ነበር፣ ያውቃሉ። የፍጥነት እጀታውን ሽቦዎች ሰካሁ። እጀታውን ስጠመዝዘው መብራቱ ቀስ እያለ ደመቀ፤ ስለቀው ጠፋ። ሞተሩን የሚያዘው ኮንትሮለርም አረንጓዴ አበራ። «ጤነኛ ነው፣ ይሂዱ» አልኳቸው።

እርስዎ ከበርጩማዎ ሳይነሱ፣ «አትስጫቸው» አሉኝ።

«እትዬ፣ ሳጥኑ እኮ ደህና ነው አለ።»

«ሳጥኑ ልጅ ይዞ አይነዳም።»

እማማ ጋን የትምህርት ቤቱ በር ሊዘጋባቸው ነው፤ አልሰሙንም። ያኔ እርስዎ በዚያ በሚያነክስ እግርዎ ካፊያው ውስጥ ወጡ፣ ቁልፉን ነቀሉ፣ ዪንዪንን አቅፈው አወረዷት።

«ምን ነካዎት ሴትዮ?» አሉ እማማ ጋን። «ልጅቷ እኮ ትምህርት አላት።»

«ትምህርቱ ነገም አለ።»

ፊት ለፊት ያለው አሳ ሻጭ፣ «አሮጊቷ ሥራ ሲጠፋ ብስክሌት መዝረፍ ጀመረች» ብሎ ገበያውን አሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በደንበኛ ፊት አዋረዱኝ ብዬ ደሜ ፈላ። «ይግቡ እባክዎ፣ አርጅተዋል እኮ» አልኩዎት። ስድስት ዓመት ሙሉ ሙያውን ጣቴን ይዘው ላስተማሩኝ ሴት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ጮክ ብዬ።

እርስዎ ብስክሌቱን በመቆሚያው አቆሙት፤ የኋላ ጎማው ከመሬት ተነሳ። ቁልፉን መልሰው ሰክተው ከፈቱ። እጀታውን አልነኩትም። መሪውን በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው ወደ ግራ አዞሩት። ጥግ ሲደርስ ጎማው ጮኸ። ማንም ሳይነካው፣ ባለ በሌለ ፍጥነቱ ይሽከረከር ጀመር፤ ጭቃው የአሳ ሻጩን ሽርጥ አጠበው። መሪውን ሲመልሱት ዝም አለ። እንደገና ወደ ግራ ሲያዞሩት እንደገና ጮኸ። የሚስቅ ሰው አልነበረም። የትምህርት ቤቱ መንገድ ወደ ግራ የሚታጠፈው አውቶቡሶቹ የሚመጡበት ላይ ነው። እማማ ጋን ዪንዪንን ጭምቅ አድርገው ያዟት።

እኔ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሳጥኔ ያላየውን እንዴት አዩት? የገባኝ በኋላ ሽቦውን ስፈታው ነው። እማማ ጋን ለብርዱ መሪው ላይ የሚታሰረውን ወፍራም መከላከያ ሲያስሩ ማሰሪያውን ከእጀታው ሽቦ ጋር ደርበው ቋጥረውታል። መሪው ወደ ግራ በዞረ ቁጥር ቋጠሮው ሽቦውን ይስበዋል። ከእጀታው ሽቦዎች የጥቁሩ ላስቲክ ደህና ነው፤ ውስጡ ግን ተበጥሷል። መሪው ቀጥ ሲል ጫፎቹ ይነካካሉ፣ ሲዞር ይላቀቃሉ፤ ያኔ አሮጌው ኮንትሮለር እጀታው እስከ መጨረሻው የተጠመዘዘ ይመስለዋል። እኔ መብራቱ ላይ ሳፈጥ እርስዎ ከዚያች በርጩማ ቋጠሮውን አይተውታል።

ይቅርታ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። በሳምንቱ ጓዝዎን ሰበሰቡ። «ጉልበቴ ነው» አሉ። እኔም ጉልበታቸው ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ምን አስወጣዎት እንደሆነ አውቃለሁ።

ዛሬ ግን ያየሁትን ሳልነግርዎት ማደር አልቻልኩም። ልጆች በሚወጡበት ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበርኩ። ሃያ የሚሆኑ አያቶች ብስክሌታቸውን በመቆሚያው አቁመዋል። ብርዱ አልፎ መከላከያው ከተፈታ ቆይቷል። ቢሆንም እያንዳንዳቸው ልጁን ከመጫናቸው በፊት መሪያቸውን ቀስ ብለው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ያዞራሉ፤ ጎማውን ያዳምጣሉ፤ ዝም ካለ ይጭናሉ። አንድ ሽማግሌ ረስተው ልጅ ሲያነሱ እማማ ጋን ከወዲያ ተጣሩ።

«እርስዎ ሰውዬ! የኖንግን አድርገዋል?»

«ኧረ ረስቼው» አሉና ልጁን መልሰው አውርደው መሪውን አዞሩ።

ከሃያዎቹ መልክዎን የሚያውቁት ሦስት ቢሆኑ ነው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ የመጣሁበትን ጉዳይ እንኳ ረሳሁት።

ከደብዳቤው ጋር ጣት የምታህል ጥቁር ሽቦ አለች። የእማማ ጋን ናት፤ አራት ወር በኪሴ ይዣት ዞርኩ። ለዓይን ምንም አልሆነችም። አጠፍ ያድርጓትና መሐሏን በአውራ ጣትዎ ይዳብሱት፤ ባዶ ይሆንብዎታል። ያን ጠዋት እኔ እንዲያ ነበርኩ። ይቅር ይበሉኝ።

በርጩማዎን በየጠዋቱ እወለውለዋለሁ።

ተማሪዎ፣
ሉ ሺዩፈን
ናኒንግ